ኳስ ከአግዳሚ ወንበር ላይ

በጎጃም በረንዳ አንድ ቅዳሜ ማታ፤ ጨዋታን በቴሌቪዥን ለማየት ያሉት መንገዶችና ዋጋቸው

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ይህ ተረት ግን ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊት የተተረተ መሆን አለበት። ቅዳሜ ወደ ማታ መርካቶ ገብቶ ጎጃም በረንዳ ላይ የቆመ ሰው፣ ባሕር ተሻግሮ የማያውቅ፣ ምናልባትም ዓባይን ከተሻገረ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ማንቸስተርንና ለንደንን እንደ ትውልድ መንደሩ ሲናፍቅ ያያል። እኛም ይህንኑ ለመመልከት በጥር ወር በአንድ ቅዳሜ ወደዚያው ወረድን።

ሰዓቱ ለ12 ሩብ ጉዳይ ነበር። ከአውቶቡስ ተራ በኩል ሻንጣቸውን የያዙ መንገደኞች አልጋ እየጠየቁ ይመጣሉ፤ የቀኑን ሥራ የጨረሱ ተሸካሚዎች ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይጫወታሉ። ከአንድ የቆርቆሮ በር ጎን በቆመ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሁለት የእንግሊዝ ቡድኖች ስምና «12 ሰዓት» የሚል ቃል በጠመኔ ተጽፏል። በሩ ላይ ያለው ልጅ ገንዘብ እየተቀበለ ሰዉን ያስገባል። «ጋሼ፣ የፊቱ አግዳሚ ሞልቷል፤ ከኋላ ግን ግድግዳ የሚደገፉበት ቦታ አለልዎ» አለን። ከፍለን ገባን።

ቤቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። በግራችን ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ተሸካሚ ተቀምጠዋል። በቀኛችን ደግሞ ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ የከተተ ወጣት አለ። ወጣቱ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሠራ ጸሐፊ ሲሆን ማታ ማታ ይማራል። ለጋዜጣ የምንጽፍ መሆናችንን ባወቀ ጊዜ ወደ እኛ ዘወር ብሎ እንዲህ አለን፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ። እቁቤ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሰኛል። ቴሌቪዥን፣ ዲሽና ዲኮደር ልግዛበት ወይስ ደምበጫ ላለችው እናቴ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ልላክላት እያልሁ አሳቤ ለሁለት ተከፍሏል። በየሳምንቱ እዚህ ተጋፍቶ ከማየት ቤት ተቀምጦ ማየቱ አይሻልም?»

ሽማግሌው ቀድመውን መለሱ። «አንተ ልጅ! እናትህን ዝናብ እየመታት አንተ ኳስ ልታይ ነው?» አሉት። በአካባቢው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ፤ ወጣቱም አብሮ ሳቀ፤ ነገር ግን ፊቱ ቀላ።

ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። ደመወዙ ትንሽ፣ የኳስ ፍቅሩ ብዙ የሆነ ተማሪና ጸሐፊ ሁሉ በየዓመቱ ራሱን የሚጠይቀው ነው። ስለዚህ መልሱን ከመስጠታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

አግዳሚው የቆየ ነው

ብዙ ሰው አግዳሚ ላይ ተጋፍቶ ቴሌቪዥን ማየትን የድህነት ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የኦሊምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን የታየው በ1928 ዓ.ም. ክረምት በበርሊን ከተማ ነበር። በዚያ ጊዜ በቤቱ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ከቁጥር የሚገባ ስላልነበረ፣ የከተማው ሕዝብ ውድድሩን ያየው ለዚሁ በተከፈቱ የሕዝብ አዳራሾች ውስጥ ተሰብስቦ ነው። እንግዲህ የቴሌቪዥን ስፖርት የተወለደው በሳሎን ውስጥ ሳይሆን፣ ጎጃም በረንዳ እንዳለው ባለ የጋራ ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ አስደናቂ አጋጣሚ አለው። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር። ያ ሩጫ በጃፓን ቴሌቪዥን በቀጥታ ታይቷል፤ የቶኪዮ ውድድር ሥዕልም በሳተላይት አማካይነት ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ደርሷል። የአበበ የገዛ ወገኖች ግን አላዩትም፤ ምክንያቱም በአገሩ ገና ቴሌቪዥን አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ከ12 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው።

ከዚያ በፊት ሜዳ መግባት ያልቻለ ሰው የነበረው ተስፋ ሬዲዮና ወሬ ብቻ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ ሜዳ የገባው አየ፤ ያልገባው ሰማ። ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ፣ ተክሌና መንግሥቱ ወርቁ ያስቆጠሯቸውን ጎሎች በየቤቱ ተቀምጦ ያየ የለም።

ከ51 ዓመት በኋላ ዕለቱ ተመልሶ መጣ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት መለየት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። የፍጹም ቅጣት ምት ሳተን፤ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ፤ አንድ ጎል ተቆጠረብን። በ10 ሰው ስንጫወት ግን አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ወጣን። በዚህ ጊዜ አገር ሁሉ በየቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስቦ ነበር። በየቡና ቤቱና በየአግዳሚው የማይተዋወቅ ሰው ተቃቅፏል።

ከዚህ የበለጠው ደግሞ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነው ነው። ኢትዮጵያ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈች። ጨዋታው የእኛ የሜዳችን ጨዋታ ነበር፤ ነገር ግን የተደረገው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳ ጨዋታውን በሰው አገር ለማድረግ ተገዶ ነበርና። በ1954 ዓ.ም. ሜዳ እንጂ ቴሌቪዥን አልነበረንም፤ በ2014 ዓ.ም. ቴሌቪዥን እንጂ ሜዳ አልነበረንም። ስለዚህ ቴሌቪዥን ለኳስ ወዳድ መዝናኛ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ብቸኛው ስታዲየም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወደዚህ ስታዲየም ማን ይገባል፣ ማንስ በር ላይ ይቀራል የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጨዋታው የማን ነው?

ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ጣቢያ ያሳያል?» ብሎ ሳይሆን «እኔ የምፈልገውን ውድድር የማሳየት መብት የማን ነው?» ብሎ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጨዋታ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ይሸጣል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ1984 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው የ5 ዓመት የቴሌቪዥን ውል 304 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ብዙ እጥፍ አድጓል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ጣቢያ ጨዋታውን ለሁሉ ክፍት አድርጎ ሊበትነው አይፈልግም፤ ሥዕሉን በምሥጢር ቁልፍ ዘግቶ፣ ቁልፉን በየወሩ ይሸጣል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን ይዞ የኖረው በ1988 ዓ.ም. የተጀመረው የደቡብ አፍሪካው ዲ ኤስ ቲቪና የስፖርት ክፍሉ ሱፐር ስፖርት ነው። የዲ ኤስ ቲቪ ባለቤት የሆነው መልቲቾይስ ኩባንያ ራሱ በመስከረም 2018 ዓ.ም. በፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ እጅ ገብቷል።

የውጭው ብቻ አይደለም። የራሳችን ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በዚሁ በዲ ኤስ ቲቪ መታየት ጀመረ። ይህ ለክለቦቻችን ገንዘብና ክብር አስገኝቷል፤ ተጫዋቾቻችንም በሌላ አገር እንዲታዩ ረድቷል። በዚያው መጠን ግን የባሕር ዳሩ፣ የጅማውና የሐዋሳው ጨዋታ ዲኮደር ለሌለው ሰው እንደ እንግሊዙ ጨዋታ ሩቅ ሆነ።

በሌላ አገር ለዚህ መላ ያበጁ አሉ። እንግሊዞች በ1988 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ እንደ ዓለም ዋንጫ ያሉ ሕዝብ ሁሉ የሚጠብቃቸውን ውድድሮች በነጻ ጣቢያዎች ከመታየት እንዳይከለከሉ ጠብቀዋል። አሳቡ ቀላል ነው፤ የክለብ ጨዋታ ሸቀጥ ሊሆን ይችላል፤ የአገር ጨዋታ ግን የአገር ነው። ይህ አሳብ በእኛም አገር ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለናል።

ሽቦ፣ ዲሽና ሰማይ

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙው ሰው ቴሌቪዥን ሲያይ የኖረው በመሬት ውስጥ ወይም በምሰሶ ላይ ቤት ለቤት በተዘረጋ ሽቦ፣ በኬብል ነው። የኬብል መነሻው ተራራ መሆኑን ሁሉ ሰው አያውቅም። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ ተራራ የጋረዳቸው ትናንሽ ከተሞች ከኮረብታው ራስ ላይ አንድ ትልቅ አንቴና ተክለው፣ ከዚያ ለየቤቱ ሽቦ ዘረጉ። እኛም ተራራማ አገር ነን፤ ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ቤት ለቤት የተዘረጋ የቴሌቪዥን ሽቦ ሳይስፋፋ፣ ዲሽ ቀድሞ ጣራውን ሁሉ ያዘው። ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ሆኖ መርካቶን የተመለከተ ሰው ከቆርቆሮው በላይ እንደ እንጉዳይ የበቀለውን ዲሽ ቆጥሮ አይጨርሰውም።

ዲሽ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የተቀመጡ ሳተላይቶች ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ፣ ከእኛ ሲታዩ አንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። ዲሹ ከሳተላይቱ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ሰብስቦ ከፊቱ ወደ ቆመው መቀበያ፣ ማለትም ወደ ኤል ኤን ቢ ይመልሳል፤ ኤል ኤን ቢው በሽቦ ወደ ሪሲቨሩ ይልካል፤ ሪሲቨሩ ሥዕል ያደርገዋል። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱ ቦታ ስላለው፣ ዲሹ በጥቂት ዲግሪ እንኳ ቢሳሳት የሚታየው ነገር ባዶ ነው።

የመጀመሪያውና ርካሹ መንገድ ይህ ነጻ ዲሽ ነው። ቀድሞ አብዛኞቹ የአገራችን ጣቢያዎች ይታዩ የነበሩት በናይልሳት ስለ ነበር፣ የአዲስ አበባ ዲሾች ወደ ምዕራብ ያዘነበሉ ነበሩ፤ ከአድማስ የነበራቸውም ከፍታ 37 ዲግሪ ያህል ነው። በ2012 ዓ.ም. ጣቢያዎቹ ኢትዮሳት ወደ ተባለው አገልግሎት ሲዛወሩ፣ አዲሱ ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ የቆመ በመሆኑ፣ ዲሹ ሁሉ ፊቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ እስከ 66 ዲግሪ ድረስ ቀና ማለት ነበረበት። በዚያን ጊዜ የዲሽ አስተካካዮች ሥራ ምን ያህል እንደ ደራ መገመት አያዳግትም።

በነጻ ዲሽ የሚታየው ምንድን ነው? የአገር ውስጥ ጣቢያዎች መብቱን የገዙት ሁሉ ነው። የኦሊምፒክ ሩጫዎቻችን ከሁሉ በላይ የሚጠቀሱ ናቸው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በመቶኛ ሴኮንድ 9 ብቻ ነበር። ሩጫና የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ለሚወድ፣ የእንግሊዝን ጨዋታ ግን ሳያይ ማደር ለሚችል ሰው፣ ዲሹንና ሪሲቨሩን አንድ ጊዜ ገዝቶ በየወሩ ምንም ሳይከፍል መኖር ይችላል። ሊጠነቀቅ የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ዝናብ ነው፤ ከባድ ዝናብ ሞገዱን ስለሚያደክመው በክረምት ሥዕሉ የሚቆራረጥበት ሰዓት አለ። ዲሹ በደንብ ከታሰረና በትክክል ከተቃና ጉዳቱ ይቀንሳል።

የሚከፈልበት መንገድ

ሁለተኛው መንገድ ዲኮደርና ወርኃዊ ክፍያ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። የመጀመሪያው የሚፈልገው ውድድር በየትኛው የክፍያ ደረጃ ውስጥ እንዳለ ነው፤ በርካሹ ደረጃ ሁሉም ጨዋታ አይገኝምና። ሁለተኛው ክፍያው ቢያልፍበት ሥዕሉ ወዲያው የሚቋረጥ መሆኑን ነው። ሦስተኛው ደግሞ የጨዋታ ዘመን አልቆ ክለቦች በሚያርፉበት ክረምት ክፍያውን ማቆም ይችል እንደ ሆነ ነው። አስተዋይ ሰው በሰኔና በሐምሌ ለባዶ ሜዳ አይከፍልም።

ለቤት የሚሰጠው ደንበኝነትና ለንግድ ቤት የሚሰጠው አንድ አለመሆኑንም ማወቅ ይገባል። በቤት ደንበኝነት ገብቶ በር ላይ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ውል አፍርሷል፤ ተቆጣጣሪ በመጣ ቀን ደግሞ ተመልካቹም ገንዘቡን ከፍሎ ግማሽ ጨዋታ አይቶ ይወጣል።

ሦስተኛው መንገድ እኛ የተቀመጥንበት አግዳሚ ነው። ከሁለተኛው ጋር ለማነጻጸር አንድ ቀላል ስሌት አለ። ወርኃዊውን ክፍያ ለአንድ ጨዋታ መግቢያ ያካፍሉት። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ዋጋ ይለዋወጣልና፣ ወርኃዊው 900 ብር፣ መግቢያው 30 ብር ነው እንበል። ውጤቱ 30 ነው። በወር 30 ጨዋታ የማያይ ሰው አግዳሚው ይረክሰዋል፤ ያውም የቴሌቪዥኑ፣ የዲሹና የመብራቱ ዋጋ ሳይታሰብ ነው። ይህንኑ በወረቀት ጽፈን ለወጣቱ ጸሐፊ አሳየነው። «በወር ስንት ጨዋታ ታያለህ?» ብንለው ጣቱን ቆጥሮ «ከ6 አይበልጥም፤ በሥራ ቀን ማታ ትምህርት አለብኝ» አለ።

ስልክ፣ ስርቆትና ሬዲዮ

ዛሬ ወጣቱ ሁሉ ስልኩን ይዞ ስለሚውል በስልክ ማየት አራተኛው መንገድ ሆኗል። መብቱን የያዙት ኩባንያዎች ራሳቸው በኢንተርኔት ያስተላልፋሉ። ሆኖም አንድ ጨዋታ እስኪያልቅ በመካከለኛ ጥራት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላልና የዳታውን ዋጋ ከመግቢያው ዋጋ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሌላው ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። ከሳተላይት የሚወርደው ሞገድ ራሱ ሰማይ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ሩብ ሴኮንድ ያህል ሲሆን፣ በኢንተርኔት የሚመጣው ሥዕል ግን ግማሽ ደቂቃ ድረስ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። በስልክህ ተጫዋቹ ገና ኳሱን ሲያመቻች፣ ጎጃም በረንዳ በአንድ ድምፅ ይጮኻል፤ ጎሉን ጎረቤት ነገረህ ማለት ነው።

አምስተኛ መንገድ አለ የሚሉም አይጠፉም፤ እርሱም ያልተፈቀደ ኮድ ተሞልቶበት የተዘጋውን ጣቢያ በስውር የሚከፍት ሪሲቨር ነው። ይህ መንገድ አይደለም፤ ስርቆት ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው ለገዢው የሚያዋጣ አይደለም። ባለ ጣቢያው ቁልፉን በለወጠ ቁጥር ሥዕሉ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ ትልቅ ጨዋታ ባለበት ቀን ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡን የወሰደውን ሰው ከሶ የሚያስመልስ ደረሰኝ የለም።

የተረሳው መንገድ ሬዲዮ ነው። የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ጨዋታን በቃል ያስተላልፋሉ፤ ዋጋው የባትሪ ዋጋ ነው። ፈተና የደረሰበት ተማሪ አንድ ጆሮውን ለሬዲዮ፣ ዓይኑን ለመጽሐፍ ይሰጣል እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለቱንም በደንብ የሚያደርግ ተማሪ እስካሁን አላየንም።

የሰዓቱ ነገር

የተመልካቹን ገንዘብና እንቅልፍ የሚያጠፋው ሌላው ነገር ሰዓትን አለማወቅ ነው። እንግሊዞች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይለውጣሉ፤ እኛ ግን አንለውጥም። ስለዚህ የእነርሱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚጀመረው ዋናው ጨዋታ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ለእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ በቀረው የዓመቱ ክፍል 11 ሰዓት ነው። የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ምሽት ጨዋታዎች ደግሞ በብዛት በመጀመሪያው ወቅት በሌሊቱ 5 ሰዓት፣ በሁለተኛው በ4 ሰዓት ይጀመራሉ። በ5 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ የሚያልቀው ለ7 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። በማግሥቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ የሚገባ ጸሐፊ ይህን አስቀድሞ ያስላው። ታክሲ በማይገኝበት ሰዓት ከመርካቶ በእግር መመለስም ከዋጋው ይቆጠራል።

ስለ ሰዓት ካነሣን ለሽማግሌው ያጫወትናቸውን አንድ ነገር እንጨምር። በዚያች ቅዳሜ እኛ የምናየውን የ12 ሰዓት ጨዋታ፣ እንግሊዝ አገር በቤቱ የተቀመጠ ሰው በቴሌቪዥን በቀጥታ አያየውም። ከስድሳ ዓመት ያህል በፊት እንግሊዞች በዚያ ሰዓት ጨዋታ በአገራቸው ቴሌቪዥን እንዳይታይ ወሰኑ። ምክንያታቸውም ሕዝቡ ቤት ቀርቶ የትናንሽ ክለቦች ሜዳ ባዶ እንዳይሆን ነበር።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዴት ነው ነገሩ? ባለ አገሩ ሳያይ እኛ ነን የምናይለት?» አሉ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ዞር ብሎ «አባባ፣ ሄደን እንንገራቸው እንጂ!» አለና ቤቱን በሳቅ ሞላው።

ከአግዳሚው ጎን ያለው አደጋ

አግዳሚውን ስናመሰግን ጉድለቱን መደበቅ አይገባንም። በእረፍት ሰዓት ከፊታችን የነበሩ አራት ወጣቶች ስለ ጨዋታው አላወሩም። ስልካቸውን አውጥተው በሌላ አገር ስለሚደረጉ፣ ተጫዋቾቻቸውን እንኳ ስለማያውቋቸው ጨዋታዎች ይወራረዱ ነበር። አንዱ የቀን ሙያተኛ የዋለበትን ገንዘብ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ አጥፍቶ ተነሣና ሁለተኛውን ግማሽ ሳያይ ወጣ። ለመግቢያ የከፈለው ትንሽ ነው፤ ይዞ የወጣው ኪሳራ ግን ትንሽ አይደለም።

ውርርድ የኳስ ማያ መንገድ አይደለም። ኳስን ከሚወዱት ነገር ወደሚፈሩት ነገር ይለውጠዋል። ጎል ሲቆጠር ደስ ማለቱ ቀርቶ ልብ ይመታል። የውርርዱ ቤት ዋጋውን የሚሠራው ለራሱ ትርፍ አስልቶ ስለ ሆነ፣ ዘወትር የሚወራረድ ሰው በጊዜ ብዛት መክሰሩ አይቀርም። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። ስለ ዋጋ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ከዋጋዎች ሁሉ ትልቁን መተው ስለማይገባ ነው።

መልሱ

ጨዋታው 1 ለ 1 በሆነ ጊዜ ድንገት መብራት ጠፋ። ቤቱ በጨለማ ተዋጠ፤ ጩኸትና ፉጨት ሆነ። የበሩ ልጅ ሮጦ ጄኔሬተሩን እስኪያስነሣ ድረስ ሽማግሌው ጮክ ብለው «ማን አገባ? ማን አገባ?» ይሉ ነበር። አንዱ ስልኩን ከፍቶ «ምንም የለም አባባ፣ ገና ነው» አላቸው። ሥዕሉ በተመለሰ ጊዜ የማይተዋወቀው ሰው ሁሉ ተያይቶ ሳቀ። ይህን የመሰለውን ነገር ማንም ዲኮደር ቤት ድረስ አያመጣውም።

ስለዚህ ለወጣቱ የሰጠነው ምክር ይህ ነው። ባለ ትዳር ሆኖ ልጆች ያሉት፣ በቤቱ ብዙ ሰው አብሮ የሚያይለትና ወርኃዊውን ክፍያ ሳይበደር የሚችል ሰው ዲኮደሩን ይግዛ፤ ለቤተ ሰቡ ደስታ ነው። ሩጫና የአገር ጨዋታ የሚበቃው ሰው ነጻውን ዲሽ ይትከል። በወር ጥቂት ጨዋታ ብቻ የሚያይ ብቸኛ ሰው ግን አግዳሚው ይበቃዋል፤ ቤቱን ግን መርጦ ይግባ፤ መውጫው ያልተዘጋ፣ አየር የሚገባበት፣ ውርርድ የማይበዛበት ይሁን። ማንም ቢሆን ማን ደግሞ በመጀመሪያ የሚወደውን ውድድር ይለይ፤ መብቱ የማን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ኪሱን ይክፈት።

ጨዋታው አልቆ ከበሩ ስንወጣ ወጣቱ ጸሐፊ ያንን ስሌት የጻፍንበትን ወረቀት አጣጥፎ ከክራባቱ ጋር ኪሱ ከተተው። «ቆርቆሮው ይቅደም ጋሼ» አለን። «ክረምት ሳይገባ ይድረስላት። ኳሱ እንደ ሆነ እዚሁ አለ።»

ሽማግሌው ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ ሰሙት። «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉና ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «ለሚመጣው ቅዳሜ ቀድመህ ከመጣህ ለእኔም ከፊት ቦታ ያዝልኝ። ዓይኔ ከሩቅ ማየት እምቢ ብሎኛል።»

«እሺ አባባ፣ እይዝልዎታለሁ» አላቸው። ሁለቱም በአውቶቡስ ተራ በኩል ባለው መንገድ፣ ስላለቀው ጨዋታ እየተከራከሩ ሄዱ።